ቤት ብቻውን ሰፈር አይሆንም
በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ስለ መኖሪያ፣ ስለ ገበያና ስለ ጉርብትና

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል 80ኛው አንቀጽ ለባሮቹ የዋለላቸውን ጸጋዎች ሲዘረዝር ቤትን የእርጋታ ስፍራ እንዳደረገላቸው ያስታውሰናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ለሰው ልጅ የደስታ ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች መካከል ሰፊ ቤትንና መልካም ጎረቤትን አብረው ቆጥረዋል። ሁለቱ በአንድ ሐዲስ ጎን ለጎን መምጣታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቤቱ ሰፍቶ ጎረቤቱ ከከፋ፣ ወይም ጎረቤት ጭራሽ ከሌለ እርጋታው ጎዶሎ ይሆናል።

በዘመናችን ስለ ቤት ሲወራ የሚነሳው ካሬ ሜትር፣ ካርታ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። ልጆቹ የት ይጫወታሉ? እናት ገበያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ትሄዳለች? አዛን ይሰማል ወይ? ሐዘን ቢመጣ ድንኳኑ የት ይተከላል? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ይህንኑ ነው። ለድሃው ቤተሰብ ርካሽ የሚሆነው ቤት ሥራው፣ ውሃው፣ ትምህርቱና ጎረቤቱ በቅርቡ ያሉበት ቤት ነው እንላለን። ሰቆጣም ከትላልቆቹ ከተሞች ስሕተት ተምራ አስቀድማ ልታስብበት የምትችል ከተማ ናት።

የገበያዋ ከተማ

ሰቆጣ በገበያ ያደገች ከተማ ናት። ከአፋር የጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ከሚራገፍባቸው ትላልቅ ገበያዎች አንዷ እርሷ ነበረች። አሞሌ በዚያን ዘመን ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብ የሚገበያዩበትም ነበር። የዋግሹሞቹ መቀመጫ ከተማ በመሆኗም ነጋዴው፣ ባላገሩና ባለሟሉ ሁሉ ይገናኙባት ነበር። ኽምጣንጋ፣ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ ሲደባለቁ የኖሩባት አገር ናት።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ በቀድሞው ሥርዓት በአብዛኛው ርስት የመያዝ መብት አልነበረውም። ስለዚህ ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ። ለእርሱ ቤትና የሥራ ቦታ የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። የሸማኔው ጉድጓድ ከቤቱ ውስጥ ወይም ከደጁ ነው፤ የነጋዴውም ዕቃ የሚቀመጠው ከሚተኛበት ክፍል አጠገብ ነው። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች መኖሪያና ሥራ የተቀላቀሉበት ሰፈር እያሉ እንደ አዲስ ሐሳብ የሚያቀርቡት ነገር ለአያቶቻችን የዕለት ኑሯቸው ነበር።

በ1967 ዓ.ም ሁለት ታላላቅ አዋጆች ወጡ። አንዱ የገጠሩን መሬት፣ ሌላው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት የሚመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ ሙስሊሙም እንደ ወገኑ የመሬት ባለመብት ሆነ። በከተሞች ደግሞ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነ የቀበሌ ቤቶች ተፈጠሩ። በእነዚህ ቤቶች ድሃውና መጠነኛ ኑሮ ያለው ጎን ለጎን ኖረ፤ ቡናውን አብሮ ጠጣ፣ እድሩን አብሮ አቆመ። ችግሩ ቤቶቹን የሚያድስ ጠፍቶ አረጁ፤ አዲስ የሚሠራውም ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሊራመድ አልቻለም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ሰቆጣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ለወራት በጦርነቱ እጅ ወድቃ ቆየች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖችም በከተማዋና በአካባቢዋ ተጠልለዋል። ብዙ ቤተሰብ ያለችውን አንድ ክፍል ለሁለት ከፍሎ እንግዳ አስገብቷል። ይህ የአካባቢውን ሕዝብ ደግነት የሚያሳይ ነው። የመኖሪያ ነገር ዛሬ ነገ ሊባልለት የማይችል ጉዳይ መሆኑንም ያሳያል።

ሌላም የሚያያዝ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት የገባው ቃል ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። የሕፃን ጤና በምግብ ብቻ አይጠበቅም። ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ጭስ የማይታፈንበት ማድቤትና ጥቂት ጎመን የሚተከልበት ጓሮ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የቤትና የሰፈር ጉዳዮች ናቸው።

መዲና እንዴት ተሠራች?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ከተማዋ በአንድ ጊዜ ብዙ ተፈናቃይ መጣባት። በዚያን ጊዜ ያደረጉትን በቅደም ተከተል እንመልከት። መስጂድ ሠሩ። ከመስጂዱ ጋር ተያይዞ ቤት ለሌላቸው ድሆች ሱፋ የተባለ ጥላ ያለው መጠለያ ነበር። ስደተኞቹን ሙሃጂሮችን ከአገሬው አንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው፤ አንሷሮቹም ቤታቸውንና ንብረታቸውን አካፈሏቸው። ቀጥሎ ለሙስሊሞች የገበያ ቦታ መረጡ፤ በዚያም ገበያ ላይ ቀረጥ እንዳይጣል ወሰኑ።

ዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) የአንሷር ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሀብታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው ሲሉ ዱዓ አድርገውላቸው ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ እንዲያመለክቷቸው መጠየቃቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ቤት የተሰጠው ሰው ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ከሌለው ዕድሜ ልኩን ተረጂ ይሆናል። መጠለያ፣ መስጂድና ገበያ በአንድነት የታሰቡበት ምክንያት ከዚህ ይገባናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መንገድም አስተምረዋል። ሰዎች በመንገድ ስፋት ላይ ሲከራከሩ ሰባት ክንድ እንዲደረግ ፈርደዋል። ይህ በዛሬው መለኪያ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የተጫነ ግመል ያሳልፋል፣ ዛሬም አምቡላንስ ያሳልፋል። ጎረቤት በጋራ ግድግዳ ላይ ወጋግራ እንዳያሳርፍ ጎረቤቱ እንዳይከለክለው አዝዘዋል። መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው ዓይኑን እንዲሰብር፣ ሰላምታ እንዲመልስና አላፊውን ከማስቸገር እንዲታቀብ መክረዋል።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን የኩፋ ከተማ ስትቆረቆር ዋና መንገዶቹ 40 ክንድ፣ ቀጥሎ 30 እና 20፣ የውስጥ መተላለፊያዎቹ 7 ክንድ እንዲሆኑ መታዘዙን ታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጠበሪ ዘግበዋል። መስጂዱና ገበያው መሐል ላይ ነበሩ። እንግዲህ ከተማን አስቀድሞ ማሰብ ከውጭ የመጣ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ታሪክ ነው።

በአገራችን ያለው ምሳሌ፡- ሐረር ጁገል

ከመዲና ወደ አገራችን ስንመለስ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነን የሐረር ጁገል ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። በዚያ ግንብ ውስጥ 48 ሄክታር በማይበልጥ ቦታ ላይ 82 መስጂዶች ይገኛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የጁገል ሰፈር የሚሠራበትን መንገድ እንመልከት። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ግቢዎች ከአንድ ቤተሰብ በላይ ይኖርባቸዋል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በእግር የሚሄደው ሰው ጥላ ያገኛል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይተያይ አይውልም። የግቢው በር ግን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ የቤተሰቡ ምስጢርና የሴቶች ክብር የተጠበቀ ነው። ገበያው ሩቅ አይደለም፤ መስጂዱም በየመንደሩ አለ። ከሁሉ በላይ አፎቻ የሚባለው የጎረቤቶች ማኅበር ሠርጉንም ሐዘኑንም ይሸከማል። ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ማኅበር ነው። በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አገር እድር የምንለውም የዚያው ወንድም ነው።

ከኮንዶሚኒየም የምንማረው

በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በአፍሪካ ከታዩት ታላላቅ የቤት ሥራዎች አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት እስከዚያ ድረስ 171,000 ያህል ቤቶች መሠራታቸውን ገልጿል። ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ ተጠብቆ ዕጣ ይወጣ ነበር። የምድር ቤቶቹ ሱቆች በጨረታ እየተሸጡ የመኖሪያውን ወጪ እንዲደግፉ ተደርጓል። ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ ጋገራ የሚሆኑ የጋራ ቤቶችም በየግቢው ተሠርተዋል። ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ብዙ ተከራይ የቤት ባለቤት ሆኖበታል።

ጉድለቱ ግን የሚያስተምረን ነው። አንደኛ፣ በርካታ ሕንፃዎች የተሠሩት ከከተማው ዳርቻ ነው። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደዚያ የሄደ ቤተሰብ ጉልት ላይ የምትሸጥ እናት ደንበኞቿን አጣች፤ የቀን ሠራተኛውም ገቢውን ለታክሲ ከፈለ፤ ለዓመታት ያዋጡበት እድር ተበተነ። ሁለተኛ፣ በ20/80 መንገድ 20 በመቶውን አስቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን ከነወለዱ በየወሩ መክፈል ያቃተው ድሃ፣ ዕጣ የወጣለትን ቤት አከራይቶ ራሱ ወደ ረከሰ ኪራይ ቤት ተመለሰ። ቤቱ ለድሃው ተሠርቶ የሚኖርበት ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሦስተኛ፣ ፎቁ የኑሯችንን ልማድ ሁሉ አላሰበም። ጀናዛ በጠባብ ደረጃ ሲወርድ ተሸካሚዎቹ የሚቸገሩትን፣ የለቅሶ ድንኳን መትከያ የሚጠፋውን፣ በረንዳ ከበረንዳ ፊት ለፊት ሲተያይ የሴቶች ነፃነት የሚጠበውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ፕሮግራሙ በክልል ከተሞችም ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን እንደ አዲስ አበባው አልገፋም። የትናንሽ ከተሞች ሰው ገቢው ዝቅተኛ ነው፤ ጓሮ፣ ዶሮና ፍየልም የኑሮው አካል ናቸው። አራት ፎቅ ላይ ፍየል አይረባም። ለሰቆጣ የሚሆነው ቤት የአዲስ አበባ ግልባጭ ሊሆን አይችልም።

ሌሎች ሕዝቦች ምን ገጠማቸው?

በግብፅ ሐሰን ፈትሒ የተባሉ ታላቅ መሃንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉቅሶር አቅራቢያ ለቁርና ድሆች አዲስ መንደር መሥራት ጀምረው ነበር። ከአገሩ ጭቃ በተሠራ ጡብ፣ ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት፣ መስጂዱን፣ ገበያውንና ትምህርት ቤቱን ያሟላ ውብ መንደር ነበር። ይሁንና የቁርና ሰዎች አብዛኞቹ ሊገቡበት አልፈለጉም። ከኖሩበት ተራራና ከእንጀራቸው የሚያርቃቸው ነበርና። ቤቱ ጥሩ ነበር፤ ውሳኔው ግን የእነርሱ አልነበረም።

በፓኪስታን ካራቺ ከተማ በኦራንጊ የድሆች ሰፈር ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። አኽተር ሐሚድ ኻን የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ ሲጀምሩ ፍሳሹ በየመንገዱ ይወርድ ነበር። እርሳቸው ገንዘብ አላደሉም። በአንድ መተላለፊያ ያሉ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ቤቶች እንዲሰባሰቡ፣ ወኪል እንዲመርጡ፣ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የፍሳሽ ቦይ እንዲሠሩ መከሩ፤ የሙያ እገዛና መሣሪያም አቀረቡ። ሕዝቡ በራሱ ገንዘብና ጉልበት ስለሠራው ወጪው እጅግ ዝቅ አለ፤ የሠራውንም ጠብቆ ያዘ። የአንድ መተላለፊያ ጎረቤቶች ሲተባበሩ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ለብቻችን እንኑር ወይስ አብረን?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ በግልጽ መነሣት አለበት። በዋግ ኽምራ ብዙኃኑ ሕዝብ የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ነው፤ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። አንዳንድ ወንድሞች ለመስጂድና ለልጆች ተርቢያ እንዲመች ለሙስሊሞች ብቻ የሆነ ሰፈር ቢኖር ይሻላል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባናል፤ በሐሳቡ ግን አንስማማም።

በጎንደር ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው እስላም ቤት የተመሠረተው በዚህ ነው። አባቶቻችን በአዋጅ የተጫነባቸውን መለያየት እኛ በፈቃዳችን ልናመጣው አይገባም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በመጀመሪያው ስደት በነጃሺ አገር በክርስቲያን ሕዝብ መካከል በሰላም ኖረዋል። ነቢዩም በመዲና ከአይሁድ ጎሣዎች ጋር የጋራ ውል አድርገዋል። ጅብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አጥብቆ ከመምከሩ የተነሣ ወራሽ ያደርገዋል ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውንም ነግረውናል፤ በዚህ ውስጥ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ጎረቤት አልወጣም።

ዋናው ነገር መስጂዱ በእግር የሚደረስበት፣ ቁርኣን ቤቱም ለሕፃናት ቅርብ መሆኑ ነው። ቀሪው በመግባባት ይፈታል። ለምሳሌ የእርድ ነገር እንደ አገራችን ልማድ የየሃይማኖቱ ለየብቻ ነው። ስለዚህ በጋራ ግቢ ውስጥ ሁለት የእርድ ቦታ ቢዘጋጅ ለኡድሒያውም ለፋሲካውም ማንም ሳይቀያየም ያልፋል። ይህን አስቀድሞ በፕላኑ ላይ ማስቀመጥ ኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይሻላል።

ሃያ ቤተሰብ ቢተባበር

አሁን በቁጥር እንነጋገር። 20 ቤተሰቦች በማኅበር ተደራጅተው እያንዳንዳቸው 6 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ቤት ሊሠሩ አሰቡ እንበል። እያንዳንዱ ለብቻው በግቢው መሐል ቢሠራ የአንዱ ቤት ግድግዳ ዙሪያው 28 ሜትር ነው፤ የሃያው 560 ሜትር ይሆናል። ቤቶቹን አሥር አሥር አድርገው በሁለት ረድፍ፣ የጎኑን ግድግዳ እየተጋሩ ቢሠሯቸው ግን የአንዱ ረድፍ የፊትና የኋላ ግድግዳ 120 ሜትር፣ የጎኑ 11 ግድግዳ 88 ሜትር፣ ድምሩ 208 ሜትር ነው። ሁለቱ ረድፍ 416 ሜትር ይሆናል። 144 ሜትር ግድግዳ፣ ማለትም ከሩብ በላይ ተቆጠበ ማለት ነው። መሠረቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጋራ ግድግዳ ላይ ወጋግራ ማሳረፍን የተመለከተው የነቢያችን ትምህርት ለድሃው ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

የዋግ ደጋ ድንጋይ አላጣም። ሲሚንቶና ፌሮ ግን ከሩቅ ተጭኖ ስለሚመጣ ዋጋው ይከብዳል። ግድግዳውን በአገር ድንጋይ፣ በአገር ግንበኛ መሥራት ገንዘቡን እዚያው ከተማ ውስጥ ያስቀረዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይከላከላል። ሲሚንቶውን ለመሠረትና ለማሠሪያ ብቻ መቆጠብ ይቻላል። ነገር ግን የግድግዳውን ውፍረትና ማሠሪያውን የሚወስን ባለሙያ የግድ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ መሰሰት ሕይወት ያስከፍላል።

ውሃውንም እናስብ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የዘነበ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከላይ የጠቀስነው ቤት ጣራው 48 ካሬ ሜትር ነው። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 24,000 ሊትር ይሆናል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 19,200 ሊትር ይቀራል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም ለ192 ቀን ይበቃል ማለት ነው። በእርግጥ ይህን ሁሉ ማጠራቀሚያ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም፤ ሮቶም ውድ ነው። አሸንዳው ከየቤቱ ወጥቶ በግቢው መሐል ከድንጋይና ከሲሚንቶ በተሠራ የጋራ ጉድጓድ ቢገባ ግን ወጪው ለሃያ ይካፈላል። ለመጠጥ የሚሆነውን ማከም፣ ጉድጓዱንም ሕፃን እንዳይገባበት መክደን ይገባል።

በሁለቱ ረድፍ መሐል የሚተርፈው ሜዳ የሁሉም ነው። ልጆች በእናቶቻቸው ዓይን ሥር ይጫወቱበታል፤ ድንኳን ይተከልበታል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በመንገዱ በኩል ያሉት አራት ወይም አምስት ክፍሎች ሱቅ፣ ወፍጮ፣ የልብስ ስፌት ወይም የሽመና ቤት ይሁኑ። ባልቴቷ እናት ከቤቷ ሳትርቅ ትሸጣለች፤ የጋራ ሱቆቹ ኪራይም ለግቢው ጥገናና ለጥበቃ ይውላል። አንዱ ክፍል ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት፣ ማታ የማንበቢያ ቤት ሊሆን ይችላል።

ስለ ሴቶች ነፃነት ለሚያስቡ ወላጆች የምንለው አለን። በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባት ተከልክሏል። ስለዚህ በሮች ፊት ለፊት አይግጠሙ፤ መስኮት ከመስኮት በግማሽ ቤት ያህል ይለያይ፤ የእንግዳ መቀበያው ከበሩ አጠገብ፣ ጓዳውና ማድቤቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ጓሮው ይሁኑ። ይህ አንዳች ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ከመሠራቱ በፊት ማሰብን ብቻ ይጠይቃል። ፕላኑ ሲነደፍም እናቶች ይጠየቁ፤ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚውሉት እነርሱ ናቸውና።

አብሮ መኖር ጭቅጭቅ ያመጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ያመጣል። ሸሪዓችን ስለ መንገድ ስፋትና ስለ ግድግዳ የደነገገው ጎረቤት እንደሚጋጭ ስለሚታወቅ ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው በጽሑፍ መዋዋል ነው። ውሃው እንዴት ይቀዳል? ሱቁን ማን ይከራያል? ቤቱን የሚሸጥ ሰው ለማን ቅድሚያ ይሰጣል? በኢስላም ሹፍዓ የሚባለው የባልደረባ የመግዛት ቅድሚያ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ወለድን ፈርቶ ከባንክ ብድር ርቆ ኖሯል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ስለ ሪባ ያወረደው ማስጠንቀቂያ ከባድ ነውና። ይሁንና በር ሁሉ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ ተፈቅዷል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። በሸሪዓ ከተፈቀዱት ውሎች አንዱ ባንኩና ቤተሰቡ ቤቱን በሽርክና ይዘው፣ ቤተሰቡ የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ እየገዛ በመጨረሻ ብቻውን ባለቤት የሚሆንበት ነው። ማንኛውንም ውል ከመፈረም በፊት ለዑለማ ማሳየት አይረሳ።

ዕቁብም አለ። ሃያው ቤተሰብ በወር 3,000 ብር ቢጥል በየወሩ 60,000 ብር ይሰበሰባል። የዕቁብ ድካሙ የዋጋ ንረት ነው፤ በሃያኛው ወር የሚወጣለት ሰው በመጀመሪያው ወር እንደወጣለት አይገዛበትም። ስለዚህ ገንዘቡ እንደተሰበሰበ ለሁሉም የሚሆን ድንጋይ፣ እንጨትና ቆርቆሮ በጅምላ ቢገዛበት ማንም አይጎዳም። ጉልበቱን በደቦ ማገዝም የአገራችን ልማድ ነው።

አቅም የሌላቸውን መበለቶችና የቲሞች እንዳንረሳ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያማክሩ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ አድርገው ፍሬውን ለድሆች እንዲያውሉ ተመክረዋል። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝብ ሰጥተዋል። ከከተማው የወጡ፣ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያሉ የሰቆጣ ልጆች አንዲት ሱቅ ወቅፍ ቢያደርጉ ኪራይዋ የአንዲት መበለትን የቤት ድርሻ ለዓመታት ይከፍላል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ እንዲህ ያለውን ንብረት በሥርዓት ለመያዝ ይረዳል። የዘካን ገንዘብ ለዚህ ማዋልን በተመለከተ ግን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! የከተማ ፕላን የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይፈልጋል። ስብሰባው ሲጠራ ሂዱ። መስጂዱ፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ የት እንደተመለከቱ ጠይቁ። ለአነስተኛ ገቢ ማኅበራት የሚሆን ቦታ ከመሐል ከተማ ሳይርቅ ይቀመጥ በሉ። በ2004 ዓ.ም የሊዝ አዋጅ ራስን በራስ ለመርዳት ለሚሠራ መኖሪያ ቤት መሬት በምደባ የሚሰጥበት መንገድ ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን መመሪያ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ውሰዱ።

ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ መካከል ግንበኝነትን፣ ቅየሳን፣ የቤት ፕላን ሥራን የሚማር ይኑር። በከተማችን ያሉትን ያረጁ የድንጋይ ቤቶች ለኩ፤ ግንበኞቹን አባቶች እንዴት እንደሠሯቸው ጠይቁ። ይህ እውቀት ከእነርሱ ጋር ሊቀበር አይገባም።

እኛም እንደ መምህራን የምንለው ይህን ነው። መሬት አንዴ ተቆራርሶ ለከፍተኛ ተጫራች ከተሰጠ በኋላ ሜዳ፣ መተላለፊያና የጋራ ጉድጓድ ልፈልግ ቢሉ አይገኝም። ሰቆጣ ገና በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት። ያላትን ገበያ፣ ያላትን ድንጋይና ያላትን ጉርብትና ይዛ እንድታድግ ዛሬ መነጋገር ያስፈልጋል። ሃያ ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ ወረቀት ላይ ፕላኑን ቢነድፍ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ቤት ለሌላቸው ቤት፣ ለተፈናቀሉት መመለሻ፣ ለሁላችንም መልካም ጎረቤት ይስጠን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።